በፈቃዱ ያልመጣ 50 ብር ይቀጣል

ማስታወቂያው ሾላው ግንድ ላይ በሚስማር ተመቷል። «ሐሙስ ጠዋት ጉማራ ወንዝ ጣና በሚገባበት ቦታ በሚደረገው የእምቦጭ ነቀላ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ላይ ያልተገኘ አባወራ 50 ብር ይቀጣል» ይላል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አለው። ማኅተም ባረፈበት ነገር መሳቅ ስለማያዋጣ ሰዉ ያነበዋል፣ ኮስተር ይላል፣ ያልፋል። ፎገራ ላይ ጥቅምትና ኅዳር ሩዝ የሚደርስበት ጊዜ ነው፤ ክረምቱን ሲስፋፋ የከረመው እምቦጭም ውኃውን ደፍኖ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሩዙም ሰው ይፈልጋል፣ ቀበሌውም ሰው ይፈልጋል፤ ሰዉ ደግሞ ያው አንዱ ሰው ነው።

ከሾላው ማዶ እትዬ ማሬ ጠላ ቤት ውስጥ ማስታወቂያው ጠበቃ አግኝቷል፤ አያ ደምሴን። አያ ደምሴ ባሕር ዳር አንድ አዳራሽ በር ላይ ሁለት ዓመት በዘበኝነት ቆመዋል። ውስጥ የተባለውን ሁሉ በበሩ ስንጥቅ ሰምተዋል። አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ አላውቅም ያሉት ነገር የለም። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ስንሻው ጉማራ ዳር ሦስት ጥማድ ሩዝ አለው፤ የደረሰ።

ስንሻው፦ አያ ደምሴ፣ በፈቃዴ ከሆነ ቅጣቱ ምንድን ነው?

አያ ደምሴ፦ ፈቃድህ እንዳይጠፋብህ ነዋ! ሰው ፈቃዱን ይረሳል። ማታ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ወንዙን ብቻውን ሊነቅል ይፎክራል፤ ጠዋት ውርጩን ሲያይ ጋቢውን ይከናነባል። መንግሥት ይህን ያውቃል። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በጎ ፈቃደኛ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ወዶ የመጣ። ሁለተኛው ሳይወድ መጥቶ፣ ስሙ ሲጠራ የወደደ። ሦስተኛው ቀሪ። ቀሪውም ቢሆን በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሃምሳ ብሩን በፈቃዱ ይሰጣል።

ስንሻው፦ ካልሰጠስ?

አያ ደምሴ፦ መጥተው ይወስዱለታል። ቤቱ ድረስ! እንዲህ ያለ አገልግሎት ድሮ የት ነበር?

ስንሻው፦ እኔ እኮ ለሐሙስ ደቦ ጠርቻለሁ። ሩዜን ላሳጭድ።

አያ ደምሴ፦ ደቦ! አሁንም ደቦ? አንተ ልጅ፣ ደቦ ምን አለው? ሰብሳቢ የለው፣ ጸሐፊ የለው፣ ቃለ ጉባኤ የለው። ሃያ ሰው ማጭዱን ይዞ ከች ይላል፣ እየዘፈነ ያጭዳል፣ ንፍሮውን ይቅማል፣ ጠላውን ይጠጣል፣ ሲመሽ ሩዙ ታጭዶ ይገኛል። በቃ። ማን አስተባበረው? ስንት ፐርሰንት ተሳካ? ማንም አያውቅም። እንዲሁ ሥራ ብቻ! ወንፈልማ የባሰ ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ ነገ አንተ ለእኔ፣ ይኼ ብድር ነው እንጂ በጎነት አይደለም። ዘመቻን ተመልከት። አስተባባሪ ኮሚቴ አለ። ንዑስ ኮሚቴ አለ። የመስተንግዶ ኮሚቴ አለ። የመስተንግዶ ኮሚቴው ምን እንደበላ የሚከታተል ኮሚቴ አለ። አምና እኮ ውኃው ውስጥ የገባን ሰዎች ጥቂት ነን፤ ሌላው ሕዝብ ቀኑን ሙሉ ሲመራ ነው የዋለ።

እትዬ ማሬ፦ እርስዎ ገብተው ነበር?

አያ ደምሴ፦ በሐሳብ።

እትዬ ማሬ፦ ደቦ የቀረ ሰውስ ይቀጣል እንዴ?

ስንሻው፦ አይቀጣም። የራሱ ቀን ሲደርስ ማንም አይመጣለትም እንጂ።

አያ ደምሴ፦ አያችሁ ጭካኔውን? ቀበሌ ሃምሳ ብር ተቀብሎ ይምርሃል፣ ደረሰኝም ይሰጥሃል።

ስንሻው፦ ደረሰኝ ሰጥተው አያውቁም።

አያ ደምሴ፦ ደረሰኙ በዕቅድ ላይ ነው። አታቋርጠኝ። ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ እምቦጭ።

ስንሻው፦ እምቦጩን አምናም ነቅለን ነበር። ዳር ከመርነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጠራርጎ መልሶ ይዞት ገባ።

አያ ደምሴ፦ ታዲያ ባይመለስ ኖሮ ዘንድሮ ምን ልትነቅል ነበር? ቀጣይነት ይሏል ይኼን ነው! አንተ እምቦጭን እንደ ተራ አረም ነው የምታየው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ አማዞን። ዓለምን የዞረው በመልኩ ነው፤ ያቺን ሐምራዊ አበባውን አይተው ለጌጥ ብለው ከኩሬ ወደ ኩሬ ወሰዱት። እኛ ጣና ላይ በ2004 ግድም አየነው ብለን እንጮሃለን እንጂ ቆቃና አዋሽ ላይ ከታየ እኮ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ተኝቶ ይነሳል። ሃያ ዓመት! የኛ ዕቅድ የአምስት ዓመት ነው፣ የሱ የሃያ።

ስንሻው፦ ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ውሎ አበልም አይጠይቅ።

አያ ደምሴ፦ እንዴት ያለ ነገር ተናገርክ! ይህን ሐሳብ እኔ ራሴ አዳራሹ ውስጥ ላነሳ ነበር። «ዘበኛ እጅ አያወጣም» ብለው አስወጡኝ። ማለቴ፣ ውጭ ነበርኩ፤ እዚያው አስቀሩኝ።

እትዬ ማሬ፦ የካሜራው ዕለት ግን ምን ነበር የሆነው? እኔ ገበያ ነበርኩ።

አያ ደምሴ፦ እሱን ልንገርሽ። ያ ቀን በታሪክ መጻፍ አለበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀመርን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ያ ሁሉ እምቦጭ ወጥቶ ውኃው ቁልጭ አለ። ሰዉ ደስ ብሎት ሊበተን ሲል ባለ ካሜራው ደረሰ፤ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነው። ወረደ፣ ወዲያ ወዲህ አየ፣ «እምቦጩስ?» አለ። «ወጥቷል» አልነው። «ሲወጣ ካልታየ እንዴት ወጥቷል ይባላል?» አለ። የተማረ ሰው ነው፣ አፍህን ነው የሚያስይዝህ። ኮሚቴው ሾላው ሥር ቆሞ መከረ። ከዚያ ጥቂቱን መልሰን ከተትነው።

ስንሻው፦ ሁሉንም ነው የከተትነው።

አያ ደምሴ፦ ጥቂቱ በካሜራ አልታይ አለ፤ ምን ይደረግ? ሁሉንም ከተትንና እንደገና አወጣነው። አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዕቅዱ አራት ሄክታር ነበር። ሁለት ጊዜ የወጣ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስምንት ሄክታር፣ 200 ፐርሰንት! ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ስቆም 200 ፐርሰንት የሚባል ነገር በጆሮዬ አልገባም፤ በዚህች ቀበሌ ግን በዓይኔ አየሁት።

እትዬ ማሬ፦ ታዲያ በማግስቱ እኔ ውኃ ልቀዳ ስወርድ እምቦጩ ሞልቶ ነበር እኮ።

አያ ደምሴ፦ እሱ ሦስተኛው ነው። የክብር እንግዳው መጥተው የመጀመሪያውን እምቦጭ እንዲነቅሉ ተብሎ የተከተተው። ባዶ ውኃ ላይ ይቁሙ? ነውር አይሆንም? ከተትንላቸው፣ ጠበቅን፣ መሸ። አልተመቻቸውም።

ስንሻው፦ ሃምሳ ብር ተቀጡ?

አያ ደምሴ፦ እሳቸው መልእክት ልከዋል። መልእክታቸው ተነቧል። «ከጎናችሁ ነኝ» ነው ያሉት። ከጎኑ የሆነ ሰው ቀሪ ይባላል? ደግሞ አንተ ምን አጉድለውብህ ነው ይህን ያህል የምትብከነከነው?

ስንሻው፦ እዚያ ውኃ ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ አልቅት እግሬን ግጦኛል።

አያ ደምሴ፦ አልቅቱ ሌላ ነው። እሱ ደም ልገሳ ነው፤ በሌላ ረድፍ ይመዘገብልሃል።

(እትዬ ማሬ ጣሳውን ልታጥብ ወጥታ ውጭ ሆና ትስቃለች። አያ ደምሴ ሳቁን እንደ ጭብጨባ ቆጥረው ተደላድለው ይቀመጣሉ።)

እትዬ ማሬ፦ ቀልዱ ይቅርና ሩዙ ካለፈበት ይረግፋል። ሌላ ቀን ቢያደርጉት ምን ነበረበት?

አያ ደምሴ፦ ሩዝ? የሩዝን ነገር ለኔ ተዉት። ይኼ ሜዳ እኮ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ከከብት ግጦሽ ሌላ አይረባም ሲባል የኖረ ነው። በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያዎች መጡና ሩዝ ይበቅልበታል አሉ። እዚሁ ደራ ውስጥ፣ ጅግና ላይ ሞከሩት። ዘሩ ኤክስ ጅግና የተባለው ለዚህ ነው። ጅግናን ሁሉም ያውቃል፤ ኤክሱን ግን የሚያውቅ እኔን ጠይቁ። ኤክስ በሒሳብ ትምህርት ገና ያልታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ዘሩ «ያልታወቀው ጅግና» ማለት ነው። ሐውልት ሊቆምለት ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ሰዉ ይኼን ነጭ ነገር ምን ልናደርገው ነው ሲል፣ ከጤፍ ጋር ቀላቅሉና እንጀራ አድርጉት ያልኩት ማን ነው?

እትዬ ማሬ፦ እናቴ ናት የቀላቀለችው።

አያ ደምሴ፦ እናትሽ ቀላቀለች። ያስተባበርኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ማሬ፦ እርስዎ ያን ጊዜ ፍየል ጠባቂ ነበሩ።

አያ ደምሴ፦ ከፍየሎቹ ጋር ሆኜ ነዋ ያስተባበርኩት! ነገሩን ከሥሩ ያዥው። እኔ የምለው ምንድን ነው፤ ለዚህ እምቦጭ መላው በእጃችን ነው። ኅዳር 12 ሲታጠን ቆሻሻ እናቃጥል የለም? ልማዱ ከየት መጣ? በ1911 ኅዳር ያ የንፋስ በሽታ ዓለምን ሲያርስ አዲስ አበባም ገባ፤ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ ያገር ቆሻሻ በኅዳር ሚካኤል ይታጠናል። እንግዲህ በሽታን ያባረረ ጭስ እምቦጭን ያቅተዋል? ወንዙ ዳር ከምረን እሳት እንልቀቅበት!

ስንሻው፦ ዘጠኝ እጁ እኮ ውኃ ነው። እንዴት ይነዳል?

አያ ደምሴ፦ በደረቅ እንጨት። እያንዳንዱ አባወራ አንድ አንድ ሸክም ያመጣል።

ስንሻው፦ በፈቃዱ?

አያ ደምሴ፦ ያላመጣ ይቀጣል እንጂ በፈቃዱ ነው።

ስንሻው፦ ጢንዚዛ አለ ይላሉ። እምቦጭ ብቻ የሚበላ። ወንጂ ላይ አራብተው ሞክረውታል አሉ።

አያ ደምሴ፦ ሰምቻለሁ። በበሩ በኩል ነው ያለፈው ወሬው። ጢንዚዛ ጥሩ ነው፤ ሌት ተቀን ይበላል፣ ቁርስ ይቅረብልኝ አይል፣ ትራንስፖርት አይል። ነገር ግን አስቡት። ጢንዚዛ ካናቴራ አይለብስም። መፈክር አያሰማም። ሪፖርቱ ላይ የት ይገባል? ቅጹ ያለው ሴት፣ ወንድ፣ ወጣት የሚል ነው። ጢንዚዛ የሚል ረድፍ የለም። እንግዲህ ጢንዚዛው እምቦጩን በልቶ ጨረሰ እንበል፤ ማን ነው የተመሰገነው? ምስክር ወረቀቱን ለማን ትሰጠዋለህ? እንዲህ ያለ ሥራ ሕዝቡን ያሰንፈዋል።

እትዬ ማሬ፦ ካናቴራው ግን አምና ለልጆች ነው የሆነው። የኔው ትንሹ ልጅ ነው የለበሰው።

አያ ደምሴ፦ እሱ ለተተኪው ትውልድ ታስቦ ነው። ዘንድሮ ግን ትልቅ መጥቷል። ሁለት ሰው በአንዱ ይገባል።

ስንሻው፦ እኔ ሐሙስ ሩዜ ላይ ነኝ። ይቅጡኝ።

አያ ደምሴ፦ ተው ተው፣ አትሳሳት። ስማ፣ ምክር ልምከርህ። ጠዋት ትመጣለህ፣ ስምህ ይጠራል፣ «አለሁ» ትላለህ፣ ካናቴራውን ትለብሳለህ፣ ንግግሩን ታዳምጣለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ በሸንበቆው በኩል ወደ ሩዝህ ትሄዳለህ። ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ስንሻው፦ ደቦ የጠራኋቸውስ?

አያ ደምሴ፦ እነሱም እዚያው ይጠራሉ አይደል? ይዘሃቸው ትሄዳለህ። ሃያ ሰው ካናቴራ ለብሶ ሩዝ ሲያጭድ ከሩቅ ያየ ሰው ዘመቻው ሰፋ ይላል።

ስንሻው፦ ወንዙ ውስጥ ማን ይቀራል ታዲያ?

አያ ደምሴ፦ ኮሚቴው አለ።

እትዬ ማሬ፦ ኮሚቴው ውኃ ይገባል?

አያ ደምሴ፦ ኮሚቴው ይገባ እንደሆነ የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይቋቋማል።

ስንሻው፦ አምና በባዶ እጃችን ነቅለን እጃችን ተላጠ። ጓንት መጣ የተባለውስ እውነት ነው?

አያ ደምሴ፦ መጥቷል። ሦስት ካርቶን ቀበሌ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስንሻው፦ እሱስ ደግ።

አያ ደምሴ፦ የግራ የግራው ነው የመጣው። ቀኙ ለሁለተኛው ዙር በጀት ተይዞለታል።