ቅጠል አሽታቹ

ቅዳሜና እሁድ ተራራ መውጣት ፋሽን ከሆነ ወዲህ በየቡድኑ አንድ ቅጠል አሽታች አይጠፋም። ያገኘውን ይቀነጥሳል፣ በመዳፉ ያሻል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይስባል፤ ከዚያ ሳትጠይቁት አፍንጫችሁ ሥር ይደቅነዋል። «ምንድን ነው?» ስትሉት «መድኃኒት ነዋ!» የምን? «የምች።»

እኛ ዘንድ ራስ ቢፈልጥ ምች፣ ቢያተኩስ ምች፣ ከንፈር ቢቆስል ምች ነው። አለቃ የተቆጣው ሰውም ቢጠየቅ ሌላ ምክንያት አይሰጥም። በሽታው አንድ ከሆነ መድኃኒቱም አንድ መሆኑ አይቀርምና፣ ጠረን ያለው ቅጠል ሁሉ ዳማከሴ ይባላል።

ዳማከሴ ግን ዘመዶች አሏት። ናና፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጋን የሚታጠንበት ጥንጁት፣ በየመንገዱ ዳር ብርቱካናማ አበባውን በግንዱ ዙሪያ ደርብ በደርብ የሚደረድረው ራስ ክምር፣ ሁሉም የናና ወገን ናቸው። የወላይታ ድንችም ከዚሁ ዘር ነው፤ ቅቅሉ የሚቀርብለት አሽታች ግን ይበላዋል እንጂ ዝምድናውን አይጠረጥርም።

ጣቱን ቢጠይቅ ይሻለው ነበር። የወገኑን ለጋ ግንድ በሁለት ጣት መሐል ሲያንከባልሉት ማዕዘን ማዕዘኑ ይታወቃል፤ አራት ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፤ የላይኛው ጥንድ የታችኛውን በመስቀል ያልፈዋል። አበባው ቱቦ ነው፤ አፉ ላይ ከንፈር አውጥቶ የታችኛውን ለንብ ማረፊያ ይዘረጋል። አበባው ሲረግፍ በጽዋው ውስጥ አራት ደቃቅ ፍሬ ይቀራል። ይህን ለማየት ተራራ መውጣትም አያስፈልግ፤ ለበርበሬ የተገዛ የበሶብላ ዛላ ማራገፍ ይበቃል። በርበሬ የሚያዘጋጁ እናቶች ዕድሜ ልካቸውን ሲያራግፉት ኖረዋል፤ ፎቶ አንስተው ግን አልለጠፉትም።

ክርክሩ የሚጦፈው ጤና አዳም ላይ ሲደረስ ነው። «እሷም የዳማከሴ እህት ናት» ይላል አሽታቹ፤ ማስረጃው ጉልት ላይ ጎን ለጎን መሸጣቸው ነው። በዚህ ስሌት ሽንኩርትና ሳሙናም አክስታማቾች ናቸው። ጤና አዳም ቅጠሏ የተሰነጣጠቀ፣ አበባዋ ቢጫ፣ ወገኗም ከሎሚና ከብርቱካን ነው። ኮሰረት ላይ መሳሳት እንኳ ይቅር ይባላል፤ ግንዱም፣ የቅጠሉ አደራደርም፣ ጠረኑም የናናን ወገን ይመስላል፤ ሥጋ ዝምድናው ግን ከወፍ ቆሎ ጋር ነው።

የወፍ ቆሎም ከሩቅ ዘመድ ይመስላል፦ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ጥንድ፣ ሽታው ኃይለኛ። ለማየት ለሚፈልግ ግን ግንዱ ላይ እሾህ አለው፤ አበባው በአንድ ራስ ላይ ቢጫም ቀይም ይሆናል፤ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁር ድብልብል ነው። አሽታቹ ዓይኑን ስለጨፈነ ይህን ሁሉ አላየም። ለሻይ ብሎ በፌስታል ሲሞላ ያየው እረኛ «ጋሼ፣ እሱኮ የወፍ ቆሎ ነው፤ ከብት ያማል» አለው።

«ከብት ያሻል እንዴ? አሠራሩን አያውቅማ!» አለና ፌስታሉን ቋጠረ።

ልጁ እውነቱን ነው። የወፍ ቆሎ የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ቆዳውን ታቃጥለዋለች። ጋሼ በመጨረሻ እውነተኛውን ምች አገኘው፤ ያውም በፌስታል።