ኮፒ ፔስት ለለመደ እጅ

«ዛሬም ማኑዋል የሚያነብ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ አንዱ፤ ተርሚናሉን ከፍቶ፣ ማን እንደጻፈው የማያውቀውን ትዕዛዝ ለጥፎ፣ ጣቱን ኤንተር ላይ እንዳደረገ።

አለ። ያላነበበው ሰው ፋይሉን አጥፍቶ «ድረሱልኝ» ሲል የሚጠራው እሱን ነው።

«ጊዜ የለኝማ!»

የጠፋ ፎልደር ስትፈልግ የምታድርበትን ሌሊት ታዲያ ከየት ታመጣዋለህ?

የለጠፈው ትዕዛዝ «ፋይንድ» ነበር። ፋይል ይፈልጋል፤ ካዘዝከው ያገኘውን ያጠፋል። የፋይሉን ስም የሚነግረው «ኔም» ቀድሞ «ዲሊት» መጨረሻ ላይ ከመጣ፣ ስሙ የገጠመውን ብቻ ለይቶ ያጠፋል። «ዲሊት» ከቀደመ ግን ስም ሳይጠይቅ፣ ከተነሳበት ፎልደር በታች ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። አንዲት ፊደል አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችም፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። የሊኑክሱ ማኑዋል ይህንኑ አደጋ እዚያው «ዲሊት» ስር ጽፎ ያስጠነቅቃል። «ማን» ማኑዋሉን የሚከፍተው ትዕዛዝ ነው፤ «ማን ፋይንድ» ብለህ ገጹን ትከፍታለህ፣ ስላሽ ነክተህ የምትፈልገውን ቃል ትጽፋለህ፣ ኤንተር ትላለህ፣ «ኤን»ን እየተጫንክ እስክታገኘው ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ለዚህም ጊዜ የለህም?

«ዩቲዩብ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ እኮ!»

በማን ማሽን ላይ? «ሴድ»ን ውሰድ። ፋይሉን እዚያው እንዲያርምልህ «ሰረዝ አይ» ስትለው ሊኑክስ ላይ ይታዘዝሃል። ማክ ላይ ግን ለመጠባበቂያ ቅጂው ቅጥያ ስጠኝ ይላል፤ ካልፈለግክም ባዶውን መስጠት አለብህ። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የአንተን ላፕቶፕ አላየም። ላፕቶፕህ ውስጥ ያለው ማኑዋል ግን የተጻፈው አብሮት ስለተጫነው ፕሮግራም ነው።

«ለሊቃውንት የተጻፈ ነው፤ እኛን አይመለከትም።»

ሊቃውንቱማ ያውቁት የለም ወይ፣ ለምን ይጽፉታል? ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ የመጀመሪያውን የዩኒክስ ማኑዋል ያወጡት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። ያኔም «ባግስ» የሚል ክፍል ነበረው፤ የፕሮግራሙ ጉድለት የሚጻፍበት። የሠራው ሰው ራሱ «እዚህ ጋ ይበላሻል» ብሎ በጽሑፍ ያስቀመጠበት ስንት ዕቃ ገዝተህ ታውቃለህ? እኔ ማኑዋሉን ያመንኩት በዚህ ሐቀኝነቱ ነው። ኦፕን ቢኤስዲ የሚባለውን ሥርዓት የሚሠሩት ሰዎችማ የማኑዋል ስህተትን ከፕሮግራም ስህተት እኩል ያዩታል።

«እንግሊዝኛው ይከብዳል።»

ይሄ እውነተኛ ቅሬታ ነው። ቢሆንም ገጾቹ ሁሉ የሚሄዱት በአንድ ሥርዓት ነው፦ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ ማብራሪያው፣ በመጨረሻም ሌላ የት ማየት እንዳለብህ። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለውን ብትተወው ትዕዛዙ ቅር አይለውም። ሦስት ነጥብ ካየህ፣ ከፊቱ ያለውን መደጋገም ትችላለህ ማለት ነው። ይህን የያዘ ሰው የማያውቀውን ትዕዛዝ ገጽ ከፍቶ ባዶ እጁን አይመለስም። ምሳሌ ያንሰዋል ካልከኝ ግን እስማማለሁ፤ ብዙዎቹ ገጾች ምሳሌ ይቆጥባሉ፣ ጥፋቱም የአንባቢው አይደለም።

«ስለ ፓስወርዱ ፋይል ፈልጌ ስለ ትዕዛዙ አመጣብኝ!»

ቁጥሩን ሳትነግረው ምን ያድርግ? ማኑዋሉ በክፍል የተከፈለ ነው። ተራ ትዕዛዞች 1 ላይ፣ የፋይል ቅርጾች 5 ላይ፣ የሲስተም አስተዳዳሪው ሥራ 8 ላይ ናቸው። «ማን 5 ፓስወድ» በለው፣ ስለ ፋይሉ ይነግርሃል።

«የትዕዛዙን ስም ካላወቅኩትስ?»

«ማን ሰረዝ ኬ» ብለህ የሥራውን ዓይነት በአንድ ቃል ጻፍለት። የሚቀራረቡትን ትዕዛዞች ከነአጭር መግለጫቸው ይደረድርልሃል።

«ኔትወርክ የለማ፣ በምን ልማር?»

ይቺን ስሰማማ አልችልም! በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ስንቀመጥ «ማን» ለአንድ ደቂቃ አልተዘጋም። ዲስክህ ላይ ነው፤ ዳታ አይበላም፣ ካርድ አያስሞላም፣ ሲግናል አይጠብቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሆኖብን እንጂ፣ ላፕቶፑን የገዛህ ቀን መምህሩም አብሮ ገብቷል።

«እሺ፣ ከየት ልጀምር?»

«ማን ማን» ብለህ ጻፍ። ማኑዋሉ ስለ ራሱ ያስረዳሃል፤ ስትጨርስ «ኪው»ን ተጭነህ ውጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ትዕዛዝ በላከልህ ቁጥር መጀመሪያ ገጹን ክፈት፣ ኤንተር ይቆይህ።