በጎንደር በኩል ወደ አንበሳሜ

አክስቴ አዲስ አበባ የዓይን ሞራቸውን አስገፍፈው ወደ አንበሳሜ ሲመለሱ አብሬያቸው ነበርሁ። ጊዜው ሐምሌ ነው። ልጃቸው እስከ ባሕር ዳር የከሰዓት ትኬት ቆርጦ ስልኩ ላይ ያሰላላቸው ጀመር። ከቦሌ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ደግሞ በሰዓት ወደ 660 ኪሎ ሜትር ይበራል። «ግማሽ ሰዓት ናት እኮ፣ እማዬ!» አላቸው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ሰዓት ያህል ነበር።

ትኬቱ ልክ ነው። አውሮፕላን ያን ፍጥነት የሚያገኘው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ መንከባለል አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ፣ በኋላም ቀስ ብሎ መውረድ አለ፤ ነፋሱም የራሱን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። በሰሜን ስኮትላንድ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረግ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ መደበኛ በረራ አለ። በመርሐ ግብሩ የተያዘለት 2 ደቂቃ ነው፤ በ53 ሰከንድ ያረፈበት ቀንም ተመዝግቧል። ያች ታህል መንገድ እንኳ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጊዜ አይወጣላትም።

ባሕር ዳር ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል፣ መብረቁ ይጋረፋል። ጥቂት ከዞርን በኋላ አብራሪው ጎንደር እንደምናርፍ ነገረን። ደግ አደረገ፤ በዚያ ማዕበል ውስጥ ማንም እንዲገባ አልመኝም። በጣና ላይ ስናልፍ ደመናው ለአፍታ ተገለጠና ደቅ ደሴት ታየች። አክስቴ በአዲሱ ዓይናቸው አዩዋት። «ናርጋ ሥላሴ!» ብለው በመስኮቱ ተሳለሙ። ለዚያች ቅጽበት ስል የዕለቱን ድካም ሁሉ ይቅር ብያለሁ።

ጎንደር በአየር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ናት። በመሬት ግን 180 ነው፤ እኛን የጠበቀንም መሬቱ ነበር። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደን ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ሻንጣችን በሌላ መኪና ወደ ባሕር ዳር ቀደመን። የአክስቴ የዓይን ጠብታ እሻንጣው ውስጥ ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ ሰዓቱ እንዳያልፍ አጥብቆ አዝዟል።

ማክሰኚትን፣ አዲስ ዘመንን፣ ወረታን አልፈን በምሽት ሐሙሲት ገባን። ወደ አንበሳሜ የሚገነጠለው መንገድ እዚያው ነው። «ልጄ፣ አገራችን ደርሰን የለም እንዴ? ለምን አንወርድም?» አሉኝ። ጠብታው ባሕር ዳር እንደሚጠብቀን ስነግራቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ዝም አሉ። ደጃፋችንን እያየን አለፍን። የዓባይ አዲሱ ድልድይ፣ 380 ሜትሩ፣ ገና አልተመረቀም ነበር፤ ለሕዝብ የበቃው በግንቦት 2016 ነው። በአሮጌው ላይ ከከባድ መኪኖች ኋላ ተሰልፈን ከተማ ስንገባ እኩለ ሌሊት ተቃርቧል። ጠብታው ሰዓቱን አሳልፎ ገባ። ዓይናቸው በደህና መዳኑን እግዚአብሔር ይመስገን።

በነጋታው ያንኑ መንገድ ወደ ሐሙሲት ተመለስን።

ወላጆቻችሁን አሳክማችሁ በአውሮፕላን የምትሸኙ ልጆች ሆይ፣ በክረምት የጠዋቱን በረራ ቁረጡላቸው፤ ነገሩ ቢሰናከል እንኳ የሚጓዙበት ብርሃን ይኖራቸዋል። መድኃኒታቸውን ደግሞ እጃቸው ላይ አስይዟቸው።