ማርሽ ድሮ ቀረ

እስቲ እናንተ እኩዮቼ ንገሩኝ፤ እናንተም ቤት ዕቃው ሁሉ አምጿል ወይስ እኔን ብቻ ነው? ሬዲዮው ቁልፉን ጥሎ መስታወቱን ካልዳሰሱለት አይናገርም። ምጣዱ መብራት ከሌለ አልጋግርም ይላል። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ሳልነካው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለተጣላሁት ሰው ይደውልልኛል። ይህን ሁሉ ችዬ፣ አፌን ይዤ ስኖር ነበር። የሞተር ሳይክሉ ነገር ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ።

የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ህንድ ሠራሽ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈ። ልጆቼ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ ሞተር ምን ያደርግልሃል? ባጃጅ እያለ?» አሉኝ። ባጃጅ! ሦስት እግር ያለው ነገር በርጩማ ይባላል። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አሰላን አልዞርም።

ደግሞም ለሞተር አዲስ አይደለሁም። በስዊድኖች ዕርዳታ የቆመው የእርሻ ልማት ድርጅት ካዱ ስሙን ለውጦ አርዱ በተባለ ማግሥት የተቀጠርኩ የእርሻ ሰው ነኝ። ያኔ ለሥራ የተሰጠችኝ ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ 125 ሲሲ፣ ሁለት ምት ሞተር ነበረች። መልኳ ቀይ ስለነበር እንደ ፈረስ «ዳማ» ብዬ ስም አወጣሁላት። ዳማ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። አንድም ቀን! ከበቆጂ አሰላ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ስገፋት ያነጋሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ክረምት ስለነበር ነው። ካቴናዋ ሁለቴ ተበጥሶ አንዴ ሱሪዬን፣ አንዴ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ሄዷል፤ ያም ቢሆን ክፋት አልነበረበትም። ካንዴላዋን በየሰኞው አውልቄ በጥርስ ብሩሼ እፈገፍግላት ነበር፤ ይህ ብልሽት አይባልም፣ መተዋወቅ ነው። ዘይቷን ከቤንዚኗ ጋር ቀላቅላ የምትጠጣ፣ ሰማያዊ ጭሷ እንደ ዕጣን የሚሸት፣ ድምጿ ሳጉሬ ሆና አሰላ የሚሰማ (እንዲያው ለነገሩ ነው)።

ማርሿማ አይነሳ! አንደኛ ወደታች፣ የቀረው ሁሉ ወደ ላይ። በጫማህ አፍንጫ ከሥር ከፍ ስታደርጋት «ጠቅ» ትላለች፤ ሁለተኛ ገባ። «ጠቅ»፤ ሦስተኛ ገባ። በዚህ የተነሳ ዘወትር የግራ ጫማዬ ጀርባ ከጣቶቼ በላይ ይላጥ ነበር፤ የቀኙ ደህና ሆኖ ግራው ብቻ ይነጣል። ጫማ ሰፊው ፊቴን ሳያይ በጫማዬ ያውቀኝ ነበር። ዛሬ የማን ልጅ ነው ጫማው የሚናገርለት? ሁሉም ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው ሞተር ላይ የሚወጣው።

ወደ አዲሱ ልመለስ። አሰላ እንደምታውቁት ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ የጭላሎ ተራራ ብርድ ማጅራት የሚይዝባት ከተማ ናት። ጠዋት አውጥቼ አስነሳዋለሁ። ማስነሻውም እንደ ወጉ በእግር ተረግጦ መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ በር ደወል በአውራ ጣት ተጭነኸው ነው። ስንፍና ነው! እኔ በአውራ ጣቴ የማስነሳው ለጉልበቴ ብዬ ነው። እሺ፣ ተነሳ። አንደኛ ስረግጥ «ጓ!» ይልና እንደ በግ ወደ ፊት ይነጥራል። ጎረቤቴ በር የተገነጠለ መስሎት ሁለቴ በጋቢ ወጥቷል። ይሄን አለፍኩት። ትንሽ ሄድ እልና እንደ ልማዴ ለሁለተኛ ከፍ ሳደርገው ሞተሩ እሪ ብሎ ይጮሃል፣ ጎማው ግን ጉልበት አጥቶ ይንሸራተታል። ዜሮ ገብቷል! ደግሜ ከፍ አደርጋለሁ፤ ዜሮ። ይህ አንድ ቀን ቢሆን ዕድል ይባላል። በየቀኑ፣ በየመስቀለኛው፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት!

ከሁሉ የባሰው ዳገቱ ነው። ደጋግሜ ስታገለው እንደ ምንም ሦስተኛ ላይ የተገኘሁበት ቀን ነበር፤ እንዴት እንደገባ እኔም አላውቅም። ዳገቱ ሲበረታ ማርሽ ልቀንስ ብዬ ወደታች ረገጥኩ። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሳለ። ጨምሬ ረገጥኩ። ድርግም! ከጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ የወጡ ይሁን ሌላ፣ ልምምድ ላይ ያሉ ልጆች በጎኔ እየሮጡ አለፉኝ። አንዷ ተመልሳ፣ እግሯ ሳይቆም ባለችበት እየረገጠች፣ «አባባ፣ እንግፋልዎ?» አለችኝ። ኃይሌን ያፈራ አገር ነው፣ በሯጭ መቀደም ነውር የለውም፤ ግን እኮ እኔ ሞተር ላይ ነኝ!

እንግዲህ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒክ ማለት በእኛ ጊዜ ቱታው በዘይት የጠቆረ፣ ሞተሩን በጆሮው የሚያዳምጥ፣ ተሳድቦ የሚሠራ ሰው ነበር። ይሄኛው ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኗል። «ምን ሆነ፣ ፋዘር?» አለኝ። ፋዘር! የማን ፋዘር? ከዚያ አፉን ሲከፍት «ክላች»፣ «ጊር»፣ «ቼይን» ይላል። እኔን እንግሊዝ አስመሰለኝ። «አንተ ልጅ፣ አባቶቻችን ያወረሱን ንጹሕ አማርኛ እያለ በባዕድ ቋንቋ ለምን ታደናግረኛለህ? ፍሪሲዮን በል! ካምቢዮ በል! ካቴና በል!» አልኩት። ሳቀ። ቋንቋችን እንዲህ እየጠፋ ነው።

ልጁ ፍሪሲዮኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረገና «ማነው እንዲህ ያላላው?» አለ። ያላላሁት እኔ ነኝ፣ ለጣቶቼ እንዲለሰልስልኝ ብዬ። መያዣው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው ባዶውን መጫወት ያለበት አለኝ። ከዚያ በላይ ከላላ፣ እስከ መጨረሻው ብትጨብጠው እንኳ ሞተሩና ካምቢዮው በደንብ አይለያዩም፤ ማርሹ እየተጎተተ ስለሚሽከረከር አልገባ ይላል፣ ሲገባም ይጮሃል፣ ቆመህ ዜሮ ማግኘትም ያቅትሃል። እሺ፣ አጠበቀው። የጠዋቱ «ጓ» ቀነሰ። ጨርሶ አይጠፋም፣ ብርድ ላይ ያደረ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ነው አለ። ሁለተኛው ማርሽ ግን ያው ነው፤ ዜሮ!

በሳምንቱ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ዘይቱን አወጣና አሽትቶ «ይሄ የምንድን ነው?» አለኝ። ከጎረቤቴ መኪና የተረፈ ነው። ዘይት ዘይት ነው ብዬ፣ የመጣበትን አፍስሼ የጨመርኩት እኔው ነኝ። ልጁ ራሱን ያዘ። በዚህ ዓይነቱ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሩም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ካምቢዮውም አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት፤ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ደግሞ ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስላለበት የፍሪሲዮኑ ሸራዎች እንዳይነካከሱ ያደርጋል፣ ይንሸራተታሉ። አዲስ ሞተር ደግሞ ጥርሱ ገና ሲላላግ የብረት ብናኝ ስለሚያወጣ የመጀመሪያው ዘይት 1,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ በራሱ ዓይነት ዘይት መቀየር አለበት አለኝ። ሦስት ዕቃ በአንድ ዘይት! ደመወዝ የሚቆጥብ መሥሪያ ቤት እንጂ ሞተር እንዲህ ያደርጋል? እሺ፣ ተቀየረ፤ ከፈልኩ። ሁለተኛው ማርሽስ? ዜሮ!

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ልጁ ሙዚቃውን ከጆሮው አወጣ፤ ይህን እንደ ክብር ቆጠርኩት። ራሱ ወጣበትና ሰፈሩን ሁለቴ ዞረ። ማርሹ እንደ ቅቤ ይገባል። «ምንም የለውም ፋዘር» አለ። «እስቲ አንተ ንዳው።» ነዳሁት። ልጁ የእኔን ፊት ሳይሆን እግሬን ነበር የሚያየው። ከዚያ ግድግዳ ይዞ እስኪንፈራፈር ሳቀ።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሁሉም ወደታች ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዜሮው ከላይ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሁሉም በእግር ጣት ወደታች ተረግጠው ይገባሉ። መቀነስ ሲያስፈልግ ፔዳሉ ወደ ኋላ የወጣ ሌላ ጫፍ አለው፣ እሱን በተረከዝ ትረግጣለህ። ስለዚህ ከአንደኛ ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ወደ ዜሮ እመለሳለሁ፤ ዳገት ላይ ልቀንስ ብዬ ስረግጥ እየጨመርኩ ነው። «ስዕሉ እኮ ተለጥፎበት ነበር፣ የታለ?» አለኝ። የልጅ ተለጣፊ መስሎኝ በገዛሁበት ዕለት ልጬ ጥያለሁ። መጽሐፉስ? የሚነቃነቀው ጠረጴዛችን እግር ሥር ነው ያለው፤ ደህና አድርጎ ይዟል፣ ለዚህስ አመሰግነዋለሁ።

ፍረዱኝ እንግዲህ! ለመጨመር መርገጥ? እኛ ያደግነው ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ወደ ላይ እንደሚነሳ እያወቅን ነው። የዛሬ ሰው ሹመትም ሀብትም የሚጨምረው ከሥሩ ያለውን እየረገጠ ስለሆነ፣ ይኸው ሞተሩንም በራሱ አምሳል ሠራው። ደግሞ ተረከዝ! እግዜር ተረከዝን የፈጠረው እንድንቆምበት ነው። «በል ገልብጠህ እንደ ዳማ አድርገህ ግጠምልኝ» ብለው ልጁ «ዳማ ማናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ዳማን የማያውቅ መካኒክ!

የልጅ ልጄ ይህን ሰምቶ መፍትሔ አመጣልኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መባሉን አስታውሶ፣ «አያቴ፣ ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሩን ሽጠህ የኤሌክትሪክ ግዛ። ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሽ የለው፣ እጀታውን ጠምዘዝ ታደርጋለህ ይሄዳል። ድምፅም የለው» አለኝ።

ማርሽ የለውም! ሰምታችኋል? ታዲያ ሰውየው ላዩ ላይ ምን ሊሠራ ነው የሚወጣው፣ እንደ ሙሽራ ሊነዳ? ድምፅ ከሌለውስ መምጣቴን ማን ሊያውቅ ነው? ማርሽ የሰው ክብሩ ነው! በሉ ተዉኝ፣ ከዚህ ሞተር ጋር እየተጣላሁ እሞታለሁ አልኩት።

አሁን ቀን ቀን፣ ልጁ እንዳስተማረኝ፣ «ወደታች፣ ወደታች፣ ወደታች» እያልኩ በአፌ እየቆጠርኩ እነዳለሁ፤ ሰላምታ የሰጠኝ ሰው ሁሉ የሰደብኩት መስሎት ያኮርፋል። ሌሊት ግን እግሬ የራሱ ጌታ ነው። እንቅልፍ ሲወስደኝ ግራው በብርድ ልብሱ ውስጥ ከፍ ይላል፤ ጠቅ፣ ሁለተኛ። ጠቅ፣ ሦስተኛ። ዳማ በሳጉሬ መንገድ ትፈተለካለች። ትናንት ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና፣

«ብርድ ልብሱን ገፈፍከኝ እኮ! ወይ ወደታች ርገጥ፣ ወይ ዜሮ አድርገህ ተኛ» አለችኝ።