የድጋፍ ደብዳቤ ለቤተ መዛግብት ተለማማጅ ያለው ፋይዳ፦ በማራኪ ተተኳሪነት

የዚህ ጥናት ዓላማ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ማስተርሱን የሚማር፣ ለልምምድ ወደ አንድ ቤተ መዛግብት የተላከ ተማሪ ከበሩ ተነስቶ አንድ አሮጌ ወረቀት እስኪነካ ድረስ የሚያልፍበትን ሂደት መመርመር ነው። ወረቀቱን ከነካ በኋላ ያለው ሕይወት በመጠኑ ብቻ ይዳሰሳል፤ በቂ ናሙና አልተገኘም።

ተለማማጁ በመጀመሪያው ቀን ፍላሽና ጉጉት ይዞ ይመጣል። ሁለቱም አይፈለጉም። የሚፈለገው ቁጥርና ቀን ያለው፣ ክብ ማኅተምና ቲተር ያረፈበት፣ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፤ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊው ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቁልፍ ወዳለባቸው ሰው ይመሩታል። ቁልፍ ያለባቸው ሰው ስብሰባ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ጋ ቁልፍ የለም?»

«የኔ ልጅ፣ ንብረቱን እኮ በፊርማ ነው የተረከቡት። ነገ ብቅ በል።»

በዚህ መሀል ደብዳቤው በክላሰር ተደርጎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ተለማማጁ ለስብስቡ የመጀመሪያውን አስተዋጽኦ አበርክቷል ማለት ነው፤ እሱ ገና ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ ደብዳቤው ገብቷል።

ተዛማጅ ጽሑፎች ሲቃኙ ጎንደር ወረቀት መያዝ ትናንት የጀመረች ከተማ እንዳልሆነች ይታያል። ጻድቁ ዮሐንስ ያሠሩት ቤተ መጻሕፍት ፋሲል ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ ቆሟል። በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምና በሌሎቹ አድባራት ደግሞ የመሬት ሽያጭ የሚጻፈው በቅዱሳት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ነበር፦ ሻጩ፣ ገዥው፣ ዋጋው፣ ምስክሮቹ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ የዚያን ዘመን የመሬት ታሪክ ሲጽፉ እነዚህን ማስታወሻዎች ለቅመዋል። ወንጌል ላይ የሰፈረ ውል ማን ደፍሮ ይፍቃል? ቲተር ከመምጣቱ በፊት የተገኘ የተሻለ ቲተር ነው።

ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ሲተኛ የሚያስከትለውን ውጤት በተመለከተ ግን ምርጡ ማስረጃ ያለው ለንደን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደርሶ መልስ ሳይጻፍለት ተቀመጠ። ንጉሡ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስል አሰሩ፤ በ1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ወጣ። ሲወርድ ዘረፋውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ነበር፤ ንጉሡ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍትም ከጭነቱ መካከል ነበሩ። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ተልኳል። በዛሬ አጠራር የመስክ ሥራ ላይ ነበር። ቁልፍ ያለባቸው ሰው ስብሰባ ላይ ናቸው ስለመባሉ የተገኘ ማስረጃ የለም።

በ1864 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በበኩላቸው ጻፉ፤ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱ። ሙዚየሙ ክብረ ነገሥቱ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ፤ ለካስ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል። እንግዲህ የንጉሠ ነገሥት ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ውጤታማነት ሃምሳ በመቶ ነው። የተማሪው ዲፓርትመንት ማኅተም ስንት በመቶ እንደሚያመጣ ስሌቱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ደግነቱ ባለ ቁልፉ አንድ ቀን ይገኛሉ። በሲባጎ የታሰረ የብስኩት ካርቶን ይወርዳል። የዛገ ስፒል በጥፍር ሲነቀል ስፒሉ ይወጣና ቅርጹ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ጣት እስከ ማታ ቡናማ ነው። የአቶ ኃይሉ ማህደር በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ታይፒስቷ በዕለቱ እጇ ወደመራት። ቀኑ ላይ «66» ብቻ ተጽፏል። በኛ አቆጣጠር ከሆነ አብዮቱ ፈንድቷል፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ጃንሆይ ገና ስምንት ዓመት ይነግሣሉ። የጽሑፉ ይዘት እንዳያግዝ ጉዳዩ የወንበር ግዥ ነው። ተለማማጁ እስካሁን ቆሞ ስለሚሠራ ጥያቄው መልስ እንዳላገኘ መገመት ይቻላል።

ከመቅደላ የሄዱትን መጻሕፍት በተመለከተ፣ ከሙዚየሙ የተረከባቸው ብሪቲሽ ላይብረሪ ብዙዎቹን ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ስለለቀቃቸው የማራኪ ተማሪ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ዶርም ውስጥ ተጋድሞ፣ ማኅተም ሳይጠየቅ በስልኩ ያገላብጣቸው ጀመር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን ቤተ መጻሕፍቱ በሳይበር ጥቃት ተመታና ዲጂታል ስብስቡ ለብዙ ወራት ተዘጋ። ይህ ጥናት ክስተቱን የሚመዘግበው በተሞክሮ ልውውጥ ሥር ነው፤ ከ150 ዓመት በላይ ከፈጀ ትውውቅ በኋላ ለንደንም በተራዋ «ሲስተም የለም» አለች።