ከሳንቃ በር በታች ያልተጠናው ጥንድ

ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው የስሜኑ ሳንቃ በር የጭላዳ ዝንጀሮ ትዳር በሚገባ ተጠንቷል። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስሜን ተራሮች ማን ከማን ጋር እንደሚውል ሲቆጥር ከርሟል። ከእ.ኤ.አ. 2006 ወዲህ ደግሞ አሜሪካውያን የሚመሩት ቡድን ለጭላዳዎቹ ስም አውጥቶ ይከታተላቸዋል። ማን ሚስቶቹን እንደተቀማ፣ የማን ደረት እንደቀላ ሁሉ በመዝገብ ሰፍሯል። ከዚያው ቁልቁል ወርዶ ደባርቅ ላይ ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እንዴት እንደሚውሉ የጠየቀ ግን አላጋጠመንም።

ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ መነሻ ነው። ናሙናው ጎረቤት፣ መሣሪያው ጆሮ ነው። የናሙናው ፈቃድ አልተጠየቀም፤ ጭላዳውም አልተጠየቀም።

ደንባር ኋላ ላይ ስለ ሰው ያቀረበው ሐሳብ አለ። ዝንጀሮ ወዳጅነቱን የሚያጸናው የወዳጁን ጠጉር እየገለጠ በመልቀም ነው፤ ሰው ግን ወዳጁ ሲበዛበት ለሁሉ የሚዳረስ ጣት ስላጣ ወሬ ጀመረ ይላል። ለቡና ጠጪዎች ሐሳቡ ልክ ነው። ለባልና ሚስት ግን የመንገዱን ግማሽ ብቻ ነው የሄደው። የእኛ መላ ምት፣ ትዳር ሲከርም ነገሩ ወደ ኋላ ይዞራል የሚል ነው፤ ወሬው ያልቃል፣ ለቀማው ይመለሳል።

በእጮኝነት ዘመን የወሬ እጥረት የለም። «ምሳ በላሽ?» ለማለት ካርድ ይፋቃል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል አብረው የተሳፈሩ እንደሆነ፣ ዳባት ሲደርሱ ገና የወሬው መግቢያ ላይ ናቸው።

ልጅ ከመጣ በኋላ ንግግሩ በሦስተኛ ወገን መተላለፍ ይጀምራል። ባል ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ መደብ ላይ ተቀምጧል።

«ለአባትህ ራት ቀርቧል በለው።»

«ለእናትህ ጨው አንሶታል በላት።»

«ያነሰው ምላሱ ነው በለው።»

ልጁ ከሁለቱ መካከል ተቀምጦ ይበላል እንጂ አንዱንም አያደርስም፤ መልእክቱ ግን ደርሷል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው መስመሩ ይቋረጣል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። ኃላፊነቱን ድመቷ ተረከበች። «አንቺ ድመት፣ እንጨት የሚፈልጥልን ሰው ጠፋ አይደል?» ይባላል። እንጨቱ ይፈለጣል።

ለቀማው የሚታየው እሑድ ጠዋት ነው። ባል ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ «ቁም» ይባላል። ይቆማል። የገብስ ገለባ ከትከሻው ይነሳል፤ ኮሌታው ይቃናል፤ ከጆሮው ሥር የቀረ ሳሙና በአውራ ጣት ይጠረጋል። እሱ ይሄን ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሥራው ደቂቃ አይሞላም። ገለባ በሌለበት ቀንም ሲነሳ ታይቷል።

በሌላ ማታ ተራው የእሱ ነው። ስንጥር የገባበት ጣቷን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በመርፌ ይፈለቅቃል። «ቀስ» ትላለች፤ «አትነቃነቂ» ይላል። በዚያ ምሽት ሌላ ንግግር አልተመዘገበም።

ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። ጭላዳው ወንድ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይነግሥም፤ ከወንደላጤዎቹ መንጋ አንዱ መጥቶ ይነቅለዋል። የደባርቁ ባል ለምን ይህን ያህል ቆየ? የሚቀማው ስላልተገኘ ነው የሚለውን የጎረቤት አስተያየት፣ ሳይንሳዊ ባይሆንም፣ አስፍረነዋል። አለቃውን ጭላዳ የሚለየው የደረት ቅላትም በዚህኛው ናሙና ከሹራብ፣ ከኮትና ከጋቢ በታች ስለሆነ ሊታይ አልቻለም።

የቀረው የድምፅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ ከአለቃው ተደብቀው የሚገናኙ የስሜን ጭላዳዎች እንደ ወትሮው እንደማይጮኹ፣ ድምፃቸውን እንደሚያፍኑ ተገልጿል። የእኛ ናሙና ይህን ጥበብ የሚጠቀምበት ለአረቄ ብቻ ነው። በዚያ ብርድ ጫማውን ደጅ ያወልቃል። በሩ ሲጢጥ እንዳይል በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይገፋል። ትንፋሹን ውጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ብቻ ስቦ ይጋደማል።

«የት አመሸህ?»

«ለቅሶ ቤት።»

«ማን ሞቶ?»

ከዳባት እስከ ደባርቅ የሞተውን ሁሉ ሚስቲቱ ከእድሯ ታውቃለች። ባልየው ይህን የሚያስታውሰው ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው፤ ከሊማሊሞ ማዶ የሚሞት ዘመድ መፈለግ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።