እናንተ ትሮጣላችሁ፣ እኔ እከፍላለሁ

ገና ካለፈ በኋላ ስልኬ ሲጮኽ ልቤ ይደነግጣል። ድሮ ዘመድ የሚደውለው ሰው ሲሞት ወይም ሲዳር ነበር፤ ዛሬ ለንደን ውስጥ የሚደውልልኝ ማራቶን ሊሮጥ ሲነሣ ነው። «ጋሼ፣ ለአካል ጉዳተኞች ልሮጥ ነውና ስፖንሰር ያድርጉኝ» ይለኛል፣ ትናንት ጡጦ ሲጠባ ያየሁት ልጅ። እኛም በጊዜያችን ሮጠናል። ደርግ ሲያባርረን ድንበር እስክንሻገር ስንሮጥ ግን በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ልክፈልህ ያለን ስፖንሰር አልነበረም።

አሠራሩን ለማታውቁት ላስረዳ። የለንደን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረ ነው። ለመሮጥ የሚመዘገበው ሕዝብ ለጉድ ስለሆነ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ያልደረሰው ልጅ አርፎ እንደመተኛት ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሄዳል። ድርጅቱ አስቀድሞ የያዘውን ቦታ ይሰጠውና፣ ልጁ ብዙውን ጊዜ ወደ 2,000 ፓውንድ ሰብስቦ ሊያስገባ ቃል ይገባል። ልብ በሉ፤ ቃሉን የገባው እሱ፣ ኪሱ የሚራገፈው የእኔ። ሳልፈርም ዋስ ሆኜ አረፍኩት።

ገንዘቡ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፤ የሰጪው ስም ከነመጠኑ ይለጠፋል። አባቶቻችን ምጽዋት በስውር ይሁን ብለው አስተምረውን ነበር። እዚህ ግን እገሌ 50፣ እገሊት 30 እየተባለ ለዓለም ይነበባል። አሥር ልጥል የተነሣሁ ሰውዬ የእገሌን 50 ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስምን ደብቆ መስጠት ይቻላል ይላሉ፤ ያኔ ደግሞ የልጁ እናት «ጋሼ ምንም አልሰጡም» ብላ እስከ ፋሲካ ታኮርፈኛለች። መጨረሻ ላይ ግብር ከፋይ ከሆኑ እዚህ ምልክት ያድርጉ የሚል ሣጥን አለ። ምልክት ያደረገ እንደሆነ፣ እሱ በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። ዕድሜ ልኩን ከደመወዜ ሲቀንስ የኖረ መንግሥት ሲጨምር ያየሁት እዚያች ሣጥን ውስጥ ነው። ከደስታዬ ብዛት ሁለቴ ብጫናት ምልክቷ ጠፋችብኝና ለሦስተኛ ጊዜ ተጫንኳት።

እኔን ያልገባኝ የሥቃዩ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠ ነዳይ «ስለ ማርያም» ይላል፤ ይሰጡታል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ አለቀ። መጀመሪያ ሮጠህ አሳየኝ ያለው የለም። እንግሊዝ ግን አንድ ሰው ዓይኑ እያየ ካልተሠቃየለት ቦርሳውን አይፈታም። የልምምዱ ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። «ብትጾሙስ?» ስላቸው «ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ነን፤ ፕሮቲን ያስፈልገናል» ይሉኛል። የንስሐ አባታቸው 40 ስግደት ቢያዟቸው ጉልበቴን የሚሉ ልጆች፣ ማንም ሳያዛቸው በዝናብ 30 ኪሎ ሜትር ሮጠው የእግራቸው ጥፍር ጠቁሮ ይመለሳሉ። ቫዝሊን የት የት እንደሚቀቡ ደግሞ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ለእናንተ አልነግርም።

መንገዱ 42 ኪሎ ሜትር መሆኑ አልበቃ ብሎ 195 ሜትር ምርቃት አለው። ይህም የዚችው አገር ሥራ ነው። በ1908ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ስታዲየም ውስጥ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት እንዲያልቅ ተደረገ፤ ያ ልክ በኋላ ለዓለም ሁሉ ሕግ ሆነ። ንጉሣውያን ከወንበራቸው ሳይነሡ እንዲያዩ ተብሎ የተቆረጠ መንገድ ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ልጅ ጉልበት ይበላል።

ዕለቱ ሲደርስ እኔ ያለሁበት ሰፈር፣ ዴፕትፎርድ፣ ይከበባል። እሑድ ነው፤ ቅዳሴ አለብኝ፤ አውቶቡስ የለም። በእግሬ ልሻገር ስል አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ በጎ ፈቃደኛ ክፍተት እስኪገኝ ይጠብቁ ይለኛል። ክፍተት ከየት ይምጣ! በ2025 ብቻ ከ56,000 በላይ ሰው ሮጦ ጨርሷል። ቆሜ ስጠብቅ አውራሪስ ያልፋል፤ ሰው ሆኖ የተፈጠረ፣ ለአውራሪሶች ገንዘብ ሊሰበስብ የአውራሪስ ቅርጽ የተሸከመ። በ2019 አንዱ የቢግ ቤንን ማማ ለብሶ ሮጦ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የማማው ጫፍ ከበሩ አናት ጋር ተጋጭቶ አላስገባ አለው፤ ሰው ደግፎ ነው ያሾለከው። በ2002 ደግሞ ሎይድ ስኮት የሚባለው ሰውዬ 60 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጥንት የባሕር ጠላቂ ልብስ ለብሶ ገባበትና፣ ሲጨርስ ከ5 ቀን በላይ ሆኖት ነበር። የጨረሱት ሁሉ ብርማ ወረቀት ተጠቅልለው ከምድጃ የወጣ አሣ መስለው ከተማውን ይሞሉታል።

ከዚህ ሁሉ ትርምስ መካከል የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ። ከ1983 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ላይ የዊልቸር ውድድር ይካሄዳል፤ ዴቪድ ዊር ብቻውን 8 ጊዜ አሸንፎበታል። አሸናፊዎቹ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳሉ። የእህቴ ልጅ ለአካል ጉዳተኞች እሮጣለሁ ብላ ገና ታወር ብሪጅ ላይ ስትንፏቀቅ፣ አካል ጉዳተኛው ጨርሶ፣ ሜዳልያውን አጥልቆ ቡና እየጠጣ ነው። ማን ለማን ያዋጣ?

የሚያናድደኝንም ልንገራችሁ። ክሌር ሎማስ ከፈረስ ወድቃ ከደረቷ በታች ሽባ የሆነች ሴት ነበረች። በ2012 እግሯን የሚያንቀሳቅስላት የሮቦት ልብስ ለብሳ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተራመደች፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጅታ ያንኑ መንገድ ጨረሰች፤ ለኅብለ ሰረሰር ጉዳት ምርምርም ብዙ ገንዘብ ሰበሰበች። ሜዳልያ ግን በደንቡ አይገባትም ተባለ፤ በዕለቱ አልጨረሰችማ! አውራሪሱ የሚሸለምበት ሩጫ እሷን በሰዓት ለክቶ አስቀራት። ደግነቱ ሌሎች ሯጮች ሜዳልያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ላኩላት። እነዚያን ልጆች አልማቸውም።

ማራቶንና አካል ጉዳት አንድ ላይ ከተነሡ ደግሞ የእኛው ሰው አለ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮን ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ ሽባ ሲሆን እዚሁ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል አመጡት። በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የ1948ቱ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን 16 ጉዳተኞችን ቀስት አወዳድሮ ነበር፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ነው የበቀለው። አበበም በ1970 በዊልቸር ተቀምጦ በዚያው ስፍራ ቀስት ተወዳደረ። እግሩ እምቢ ቢለው በእጁ ገጠመ። ይህን ስተርክላቸው ልጆቹ «ጋሼ ጀመሩ» ተባብለው ስልካቸውን ያያሉ።

ስኳር አንድ እግሩን የወሰደበት ባልንጀራ አለኝ፤ እሱም በዊልቸር ነው የሚሄደው። ሳማርር ሰምቶ «ተዋቸው ይሩጡ፤ ገንዘቡ ሥራ ይሠራል» ይለኛል። እርግጥ ነው፤ ማራቶኑ ከተጀመረ ወዲህ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቦበታል። «ታዲያ አንተን ምን ጎደለህ?» ብለው «ክትፎ» አለኝ። የምናዘወትረው ምግብ ቤት መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ራምፕ የለውም። ተሸክመን ብናስገባው ደግሞ መጸዳጃው ምድር ቤት ነው። በምድር ባቡር ሌላ ሰፈር እንሂድ ቢባል፣ ከለንደን ጣቢያዎች ከግማሽ የሚበልጡት ያለ ደረጃ አያስገቡም። ይህች ከተማ በአንድ ጠዋት 42 ኪሎ ሜትር መንገድ ዘግታ፣ አጥር አቁማ፣ ውኃ አድላ፣ ከሰዓት በኋላ ጠራርጋ ትከፍታለች። ሦስት ደረጃ ግን አቃታት።

ከሩጫው ማግሥት ልጆቹ ድላቸውን ሊያከብሩ የጠሩን እዚያው ምግብ ቤት ነው። በልተው ሲወጡ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ፣ ግድግዳ ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው እንደ ሕፃን ወደ ኋላ እየወረዱ «ኧረ ይህ ደረጃ ገደለን!» አሉ። ባልንጀራዬ ውጭ አስፋልቱ ላይ በጥቅል ያወጣንለትን እየበላ ነበር። «እንኳን ወደ እኛ በደህና መጣችሁ!» ብሎ ተቀበላቸው።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት አዲስ ታሪፍ አውጥቻለሁ። ለኪሎ ሜትር አልከፍልም። አንድ ደረጃ ላስቀረ 20 ፓውንድ፤ ባለቤቱን አሳምኖ ራምፕ ላስገጠመ እጥፍ፤ መጸዳጃውን ወደ ላይ ላስመጣ ጡረታዬን አስይዤ እበደርለታለሁ። አውራሪስ ለብሶ ቢያሳምንም አልቃወምም።

የእህቴ ልጅ ታሪፉን ሰምታ ሥራ ጀመረች። ምግብ ቤቱ አከራዩን ጠይቂ አላት፤ አከራዩ ወደ ማዘጋጃ ቤት መራት፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ ሰጣት፤ ቅጹ ሌላ ቅጽ ጠየቀ። ደክሟት መጥታ «ጋሼ፣ ማራቶኑ ይቀላል» አለችኝ።

«ይህን ሁሉ ልምምድ ታዲያ ለምን ሠራሽው?» ብዬ እስክሪብቶዬን ሰጠኋት።